ማንንም የማይነካ ቀልድ

ጫንያለውን የሰደበው ማንደፍሮ ነው። ቀኑ የሐምሌ ሥላሴ ማግስት፣ ቦታው ጉለሌ፣ የአቶ አንዳርጌ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ። ንፍሮው ዞሮ፣ ሽማግሌዎቹ ወደ ጥግ ፈቀቅ ብለው፣ ጎረምሶቹ መሀል ላይ ካርታ የጀመሩበት ከሰዓት ነበር፤ ዝናቡ ሸራውን ይደልቀዋል። ጫንያለው ይህን ሁሉ የሚያስታውሰው ማስታወስ ስለሚወድ አይደለም። ስድብ እሱ ላይ ሲያርፍ እንደ ቀጋ እሾህ ገብቶ ይሰበራል፤ የተሰበረ እሾህ ደግሞ ቀን እየጠበቀ ይጠዘጥዛል።

ሌላም እሾህ አለው። የስድስተኛ ክፍል አስተማሪው "አንተን ከማስተማር አጥር ማጠር ይቀላል" ያሉት ማክሰኞ ቀን ነው፤ በዓመቱ ትምህርቱን ተወ። የሚስቱ ወንድም በሠርጉ ቀን ለፎቶ ሲሰለፉ "ያ ሰውዬ ትንሽ ፈቀቅ ይበልልን" ያለው ሙሽራውን ራሱን ነው። ዕድሜውን በፈጀበት የባትሪ መለወጫ ጣቢያ አለቃው እስከ ጡረታው ቀን ድረስ "አንተ እንትን" እያለ ነው የጠራው። ሁሉንም ደርድሮ ሲያያቸው ግን የማንደፍሮን የሚያህል የለም።

በዚያ ከሰዓት ማንደፍሮ ማንንም አልማረም። ከጎኑ ያለውን መላጣ "ካርታህን ደብቅ፣ አናትህ ላይ ይታየኛል" አለው። ቀብሩ ካለፈ በኋላ የደረሰውን ዘመድ ብድግ ብሎ ተቀበለና "አንተን ጠብቀን ነበር፤ ሟቹ ናቸው የቸኮሉት" አለው። ድንኳኑ በሳቅ አለቀ። ከሁሉ አብልጦ የሚስቀው ጫንያለው ነበር። ያን ጊዜ ሳቁ እንደ ልቡ ነበር፤ ይንደረደራል፣ ይንተከተካል፣ አበቃ ሲባል ትንሽ ያርፍና እንደገና ይነሣል። ማንደፍሮ ካርታውን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ ጣቱን ወደ ላይ አነሣ።

"ዝም በሉ እስቲ" አለ። "የማን ወፍጮ ነው የተነሣው? እህል ያላችሁ ሳይዘጋ አምጡ።"

ሰው በሳቅ ተንፈራፈረ። ከቀብር ጀምሮ እህል ያልቀመሰችው፣ አንድ ቃል ያልተነፈሰችው የሟቹ ባለቤት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹ ሊያባብሏት ተጠጉ። እያለቀሰች አልነበረም። ስቃ ስትጨርስ ውኃ ስጡኝ አለች፤ ከውኃው በኋላ እህል ቀመሰች። የሰፈሩ ሰው ያን ቀን ሴትዮዋ ከሞት የተመለሰችበት ቀን ብሎ ያነሣዋል። ጫንያለው የሚያነሣው በሌላ ነው፤ ባሏን የቀበረች ሴት እንኳ ሳቀችብኝ ይላል። ከዚያ ወዲያ ስሙ ወፍጮ ሆነ። ከዚያ ወዲያ አፉን ከፍቶ አልሳቀም።

አሁን ጫንያለው ሽማግሌ ነው፤ ሳቅ ደግሞ ግዴታ ሆኗል።

የሳቅ ሰዓት ጠዋት ነው፣ የቧንቧ ውኃ ከመለቀቁ በፊት። በጫንያለው ሕንፃ ሳቅ ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ ድሮ ዘበኞች ያድሩበት የነበረ ክፍል ነው ይባላል። ነዋሪው ፊቱን ሳይታጠብ፣ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ይወርድና ይሰለፋል። ተራው የደረሰ ወደ አንዱ ጓዳ ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ ስቆ ይወጣል። ጓዳዎቹ ድምፅ አያሳልፉም። ውጭ ለቆመ ሰው የሚሰማው የበሩ ጠቅታ ብቻ ነው። የሚወጣው ሰው ዓይኑ ቀልቷል፣ ጉንጩ ረጥቧል፤ ከሆድ ሲሳቅ ለአንድ ቀንና ሌሊት አረንጓዴ የሚሆነውን የእጁን አምባር አይቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። "ምን አሳቀህ?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የሰውን መድኃኒት ቀምሶ እንደማየት ይቆጠራል።

ሳቁ ሠርቷል፤ ይህን ማንም አይክድም። የልብ ሐኪሞች ሥራ ፈተው ሌላ ሙያ ተምረዋል። የግፊት ክኒን የሚውጥ ሰው ብርቅ ነው። የሰው ዕድሜ ረዝሞ ለቅሶ ቀንሷል፤ ድንኳን አከራዮች ሸራቸውን ለቲማቲም ጥላ አውለውታል። ትምህርት ቤት ልጆች ከፊደል በፊት ከሆድ መተንፈስ ይማራሉ። በየደረጃው ግድግዳ ላይ "የሳቀ ሰነበተ" የሚል ተለጥፏል፤ ሰዎቹም በእርግጥ ሰንብተዋል፤ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም ዝም።

በጓዳው ውስጥ ያለው ድምፅ ማንን ምን እንደሚያስቀው ያውቃል። ያላወቀው የጫንያለውን ብቻ ነው።

"ጋሽ ጫንያለው፣ እንዴት አደሩ?" ይለዋል፣ ትሑት የወጣት ድምፅ ነው። ቀጥሎ ቀልዱን ያመጣል። "አንድ ደመና ሌላውን ደመና፣ ዛሬ ወዴት ነህ ቢለው፣ ነፋሱን ጠይቀው አለው።"

ጫንያለው ግድግዳውን ያያል። ቆይቶ፣ "ሃ፣ ሃ" ይላል።

"ከጉሮሮ ነው" ይላል ድምፁ፣ ሳይቆጣ። "ከሆድ ይሞክሩ።"

ቀልዶቹ ደመና፣ ኩባያ፣ ወንበር፣ ጥላና ነፋስ ያሉባቸው ናቸው። መላጣ የለባቸውም፣ አጭር የለባቸውም፣ ተንተባታቢ የለባቸውም፣ አማትም የለችባቸውም። ማንንም አይነኩም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ተረብ የሚባለው ነገር ነገር ወጊ ንግግር ተብሎ ተከልክሏል፤ ብዙውን የሚያሽር አንዱን ያቆስላል፣ የቆሰለው ደግሞ ደሙ ይመረዛል ተብሎ። ሰው ሲሳደብ አምባሩ ይሰማል፤ የተሳዳቢው አምባር ይጠቁራል፤ የጠቆረ አምባር እስከ መጪው መስከረም መልኩን አይለውጥም፣ በርም አያስከፍትም። መሰደብ ግን ጥፋት የለበትም። የተሰደበ ሰው ይታዘንለታል፣ ምክር ይሰጠዋል።

ክልከላው በታወጀ ዕለት ከጉለሌ ልጆች ደስ ያለው ጫንያለው ብቻ ነበር። "ይበላቸው" አለና ሥጋ ቤት ገብቶ ብቻውን ጥሬ ሥጋ በላ። ከዚያ በኋላ ግን እሱን የሚሰድበው ጠፋ፤ እሱን የሚያስታውሰውም ጠፋ። ወፍጮ ብሎ የሚጠራው አንድ ሰው አልቀረም። አንዳንድ ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆሞ የራሱን ቅጽል ስም በልቡ ይለውና ይደነግጣል።

አምባሩ ቢጫ ነው። ለቢጫ አሳንሰር አይቆምም፤ ጫንያለው ጉልበቱን እየደገፈ በደረጃ ይወጣል። ይህን ለምዶታል፤ ከሌሎቹ ስድቦች ጎን ደርድሮታል። ያልለመደው የአራሷን በር ነው።

ሶስና አንድ ልጁ ናት። ሴት ልጅ ወልዳለች። አራስ ያለችበት ቤት ለቢጫ አይከፈትም፤ "ያልሳቀ ፊት የጨቅላን የልብ ምት ያውካል" ይላል በሩ ላይ የተለጠፈው። በሩ መሀሉ ላይ መስታወት አለው። ጫንያለው በየቀኑ ይሄድና መስታወቱ ጋ ይቆማል። ሶስና ሕፃኗን አንሥታ ታሳየዋለች። ሕፃኗ አንዳንዴ ታዛጋለች፣ አንዳንዴ ጡጫዋን ጨብጣ ታኮርፋለች። የጫንያለው ትንፋሽ መስታወቱን ሲያደበዝዘው በእጅጌው ይጠርገዋል። ሕፃን ምን ምን እንደሚል ያውቃል፤ ሶስናን አሳድጓል። ያ የአንገት ስር ሽታ በመስታወት አያልፍም።

የሕፃኗ ክርስትና እሁድ ነው። በማግስቱ የሶስና ባል ለሥራ ወደተመደበበት ወደ ሰመራ ይዟቸው ይሄዳል። ሰመራ ሩቅ ነው፤ ረጅም መንገድ የሚሄድ አውቶቡስ ደግሞ ቢጫ አይጭንም።

"አባዬ፣ እንዲያው ለአንድ ቀን" አለችው ሶስና በበሩ ወንፊት በኩል። "ለኔ ብለህ አይደለም፤ ለሷ ብለህ።"

"እየሞከርኩ ነው።"

"ሰው ሁሉ ይስቅ የለም እንዴ? ምኑ ነው የሚከብደው?"

"ለነሱ ቀላል ነው" አላት። "እነሱን ማን ሰድቧቸው።"

ሶስና ሕፃኗን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረቻት። "አባዬ፣ ደግሞ ያን ለቅሶ ልታነሣብኝ ነው?" አለች።

ልክ ናት፤ ሊያነሣባት ነበር። ወደ ቤቱ ሄደ።

ቤቱ ውስጥ የሚጠብቀው የለም። ሚስቱ የሺመቤት ከሞተች ቆይታለች። የአቶ አንዳርጌ የእህት ልጅ ነበረች፤ በዚያ ድንኳን ውስጥ በማንቆርቆሪያ እጅ ታስታጥብ ነበር። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ፣ አንድ ነገር ሲያስቀው በአፍንጫው ተንፍሶ ሲያሳልፈው ስታይ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትጠብቀዋለች፤ ሳይስቅ ሲቀር ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ሕመሙ በጸናባት ጊዜ እጁን ይዛ፣ "ያን ለት የሳቅከውን ሳቅ አንድ ጊዜ ደግመህ ብታሰማኝ" አለችው።

"ምኑን ነው የምትፈልጊው፣ የተሰደብኩበትን?" አላት።

"እኔ ስድቡን መቼ ሰማሁት" አለች። "ሳቁን ነው የሰማሁት።"

ሊስቅላት ሞክሮ ነበር። ከጉሮሮ ነበር የመጣው።

ሐሙስ ጠዋት ከጓዳው እንደ ወትሮው ቢጫውን ይዞ ሲወጣ ወይዘሮ አስካለ አስቆመችው። አስካለ የሳቅ ቤቱ ተራ አስከባሪ ናት፤ ሰፊ ሴት ናት፣ ሰው ሳይስቅ ሲወጣባት የራሷ ጥፋት የሚመስላት። የሚቻላትን ሁሉ አድርጋለታለች። ወንበሩን አስለውጣለታለች፣ ባዶ ሆዱን እንዲገባ መክራዋለች፣ አንዴም ዙሪያውን አይታ ብብቱን ኮርኩራዋለች፤ ጫንያለው ይህንንም ከስድቦቹ ጋር ሊደረድረው አስቦ፣ ለበጎ መሆኑን አይቶ ትቶታል።

"እስቲ ንገሩኝ" አለችው። "ለመጨረሻ ጊዜ ከሆድዎ የሳቁት መቼ ነው?"

"አንዳርጌ ለቅሶ ላይ" አላት ሳያስብ።

"ለቅሶ ላይ?"

"ማንደፍሮ ነበራ።"

ከአፉ የወጣውን ራሱ ሰማው። በነዚያ ሁሉ ዓመታት የዚያን ከሰዓት መጨረሻውን ሲያላምጥ መጀመሪያውን ረስቶት ኖሯል። ከመሰደቡ በፊት ሲስቅ ነበር። ያሳቀው ደግሞ ማንደፍሮ ነበር። ከማንደፍሮ ወዲያ ከሆዱ ያሳቀው ሰው የለም።

አስካለ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የአምባር እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች። "ማንደፍሮ ምላጩ? የጉለሌው? ሱሉልታ ነው ያለው፤ ተረበኞቹን የሰበሰቡበት፣ የአንደበት ማረፊያ። ወንድሜም እዚያ ነው።" ከዚያ ያልተጠየቀችውን ጨመረች። "ባለፈው ልጠይቀው ብሄድ ወንድሜ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ጤና ይስጥልኝ እመቤት፣ እንደምን ሰነበቱ አለኝ። እሱ እኮ አንድ ቀን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ገና ከበር ሲያየኝ፣ ወተቱን ክደኑ፣ አስካለ መጣች፣ ነበር የሚለው።" አምባሯ አረንጓዴ ነው፤ የጠዋቱ የሳቅ እንባ ገና ሽፋሽፍቷ ላይ አልደረቀም። "ናፈቀኝ" አለችና ወደ ሰልፉ ዞረች።

ጫንያለው ቅዳሜ ሱሉልታ ወጣ። መንገዱን ሙሉ ለራሱ፣ ይቅርታ ላስጠይቀው ነው የምሄደው ይል ነበር። ሰውዬው ይቅርታ ሲለምነው የት እንደሚቆም፣ ምን ያህል እንደሚያስጠብቀው፣ ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ለዘመናት ያዘጋጀው ነገር ነበር። ስድብ ፍለጋ የሚሄድ ሰው እንደሆነ ለመቀበል ክብሩ አልፈቀደለትም።

የአንደበት ማረፊያው ረጅም ንጹሕ አዳራሽ ነው። መስኮቶቹ ወደ ባሕር ዛፉ ይከፈታሉ። ድሮ በየሰፈሩ አፋቸው የተፈራ ሰዎች፣ የቀበና፣ የአራት ኪሎ፣ የመርካቶ፣ አሁን ሹራብ ለብሰው በየጠረጴዛው ተቀምጠዋል። "አንቱ" ይባባላሉ። ካርታ ይጫወታሉ፤ የተሸነፈውን ማንም አይስቅበትም፣ "በርቱ፣ ሌላ ጊዜ ይሳካልዎታል" ይሉታል። አንደበቱ ያመለጠው ወደ ላይ ቤት ይወሰዳል። ላይ ቤት ክፍሉ የአንድ ሰው ነው፤ ምግቡ ጥሩ ነው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ወደ አዳራሹ ግን ተመልሶ አይወረድም።

ማንደፍሮን በጆሮዎቹ ነው የለየው። ሌላው ሁሉ አንሷል፤ ጥርሶቹም የሉም። ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ካርታ ይዟል። ጫንያለው አጠገቡ ሲደርስ ብድግ አለ።

"ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደህና መጡ። ማን ልበል?"

ጫንያለው ነኝ አለው። ጉለሌ፣ አለው። የአንዳርጌ ለቅሶ፣ ሐምሌ፣ ዝናቡ፣ ካርታው፣ የሟቹ ሚስት፤ ሁሉንም ቆሞ ነገረው፣ አንድ ሳያስቀር፣ ስድቡን ራሱን በቃሉ ደገመለት። የሌላ ሰው ስድብ ስለነበረ አምባሩ አልቆጠረበትም። ማንደፍሮ እጆቹን አጣምሮ፣ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። ሲያበቃ፣ ውዳሴ ማርያም እንደሚደግም ሰው ሳይደናቀፍ፣ "አዝናለሁ። በንግግሬ ስሜትዎን ጎድቻለሁ። ከልብ ይቅርታዎን እለምናለሁ" አለው።

ይኸው፣ ያ ዕድሜ ልክ የተጠበቀው ይቅርታ መጣ። ጫንያለው የት እንደሚቆም ጠፋው። ይቅርታው ጨው የሌለው ሽሮ ነበር። የሚጠላው ሰው ከፊቱ አልነበረም፤ ያን ሰው ቀድመው ወስደውታል፣ የቀረው ሹራቡ ነው። ከአራት ኪሎ እስከ እንጦጦ ያለ ድንጋይ ሁሉ ቢሰድበው እንዲህ አይከፋውም ነበር።

"ይቅርታ አልፈልግም" አለው።

"ታዲያ ምን ልታዘዝ?"

"ስደበኝ።"

አንዱ ሽማግሌ ሊጥለው የነበረውን ካርታ መልሶ ያዘው። ማንደፍሮ የአምባር እጁን አየ፣ ቀጥሎ የደረጃውን በር አየ። አይፈቀድም አለ። ላይ ቤት ይወስዱኛል አለ። ድምፁ ግን ትንሽ ሻክሯል። ለምን እንደሚፈልገው ጠየቀው፤ ሲጠይቀው "አንቱ" ማለቱን እንደተወ ራሱም አላወቀም። ጫንያለው አስካለ እንደጠቆመችው ነገረው፤ የአራሷን በር ነገረው፣ መስታወቱን፣ ነገ እሁድ መሆኑን፣ ሰመራን። መጨረሻውን በእጁ አሳየው፤ ሁለት ክንዱን አጣምሮ፣ ባዶውን እንዳቀፈ።

ማንደፍሮ በዓይኑ በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉትን ሦስቱን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ዞራቸው። "እነዚህን ታያለህ?" አለው። "አንዱ የአስካለ ወንድም ነው። አፋችንን ዘጉት እንጂ እንተያያለን። እኔ ካርታ ስጥል ይሄ ምን ሊለኝ እንደነበር በዓይኑ አውቀዋለሁ። ላይ ቤት ግድግዳ ነው።"

"ተወው እንግዲህ" አለ ጫንያለው። ከልቡ ነበር። ኮፍያውን ከጠረጴዛው አነሣ።

"ልጅህ በሰላም ተገላገለች?" አለው ማንደፍሮ፣ ሳይቀመጥ።

"በሰላም።"

"እንኳን ማርያም ማረቻት።"

"እንኳን ማረቻት" አሉ ሦስቱም ሽማግሌዎች፣ በጨዋ ደንብ።

"አንተ የተወለድክ ለት ግን" አለ ማንደፍሮ፣ "ማርያም የማረችው እናትህን ብቻ ነው። እኛን ረስታን ሄደች።"

የማንደፍሮ አምባር ጠቆረ። ጫንያለው ጆሮው ጋለ፤ ያውቀዋል ይህን ግለት። ልቡ እንደ ልማዱ ቀኑን መያዝ ጀመረ፤ ቅዳሜ፣ ሱሉልታ፣ ፀሐይ። ነገር ግን ቀኑን ይዞ ሳይጨርስ ከሥር፣ ከእምብርቱ በታች፣ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። አፍንጫው ውስጥ ሊያስቀረው ሞከረ። እጁን አፉ ላይ ጫነ። እጁን ገፍቶት ወጣ።

መጀመሪያ ሳል ነበር የመሰለው። ቀጥሎ ጠረጴዛውን ያዘ፣ ጠረጴዛው ተናወጠ፣ ካርታው መሬት ላይ ተበተነ። ወገቡ ታጠፈ። ሽማግሌዎቹ ስድቡን ትተው በሱ ሳቅ ይስቁ ጀመር፤ የአስካለ ወንድም ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ይመታዋል፤ ከሌላ ጠረጴዛ ምን ተባለ፣ ምን ተባለ እያሉ ሰዎች ተነሡ። ጫንያለው በእንባ መሀል ፊታቸውን አየ። ሁሉም የሚያዩት እሱን ነው፣ ልክ እንደ ድንኳኑ። ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበር፤ ዓይናቸውን እንጂ እጃቸውን አላየም። አሁን አየው። እንዳይወድቅ ሁለቱ ክንዱን ይዘውት ነበር የሚስቁት።

ቀና ሲል አምባሩ አረንጓዴ ሆኗል።

"ቆይ፣ ገና ነኝ" አለ ማንደፍሮ። ጉንጩ ቀልቷል፣ ወገቡ ቀንቷል፤ ሹራቡ እንኳ ሌላ ሰው የለበሰው መሰለ። "አንዴ ጠቁሯል፤ ከጥቁር ወዲያ ቀለም የለም። ነገ ቄሱ ሕፃኗን ሲያጠምቁ ወደ አንተ እንዳይረጩ ንገራቸው። እዚያ ፊት ላይ ያለው ሰይጣን የሚኖርበት ቤት ስላጣ ነው፤ ድሀ ነው፣ አያፈናቅሉት።"

ጫንያለው እንደገና ታጠፈ። ሲስቅ የሺመቤት ትዝ አለችው፤ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ፣ ቆማ፣ ስትሰማ። ሳቁ ትንሽ አርፎ እንደገና ሲነሣ ለሷ ነበር፣ ሰሚዋ ባይኖርም።

በአዳራሹ ጫፍ ያለው በር ተከፍቶ ሁለት አስታማሚዎች ብቅ አሉ። አልቸኮሉም። ፈገግ ብለው፣ በየጠረጴዛው መሀል ይቅርታ እየጠየቁ ይመጡ ነበር። ማንደፍሮ አያቸው፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ጫንያለው መለሰ።

"በል" አለው።

ተረብ ሕግ አለው፤ ጉለሌ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የተወረወረ ይመለሳል። ያልመለሰ ሰው ተሸነፈ ማለት ብቻ አይደለም፤ ጨዋታው እዚያው ይሞታል፣ የወረወረውም ተጫዋች መሆኑ ቀርቶ ተሳዳቢ ሆኖ ይቀራል።

"ያን ለትም ጠብቄህ ነበር" አለ ማንደፍሮ። "ካርታዬን ይዤ፣ አሁን ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ። አንተ ጫማህን አድርገህ ወጣህ። ሳቁ አለቀ፣ እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ክፉ አፍ አለው ያለኝ ሰው ሁሉ የጀመረው ከዚያን ለት ወዲህ ነው።" አስታማሚዎቹን በጎን አየ። "በል እንጂ። አንዲት ብቻ። ላይ ቤት ባዶ እጄን አትላከኝ።"

መልሱ ደግሞ መጣ። ጫንያለው በዕድሜው ሙሉ ለማንደፍሮ ሲያዘጋጅ የኖረው መልስ ሁሉ ሻግቷል፤ ይሄ ከዚያ አልነበረም። ሳይጠራ፣ አሁን፣ ትኩስ ሆኖ መጣ። ስለ ማንደፍሮ ድድ ነበር። ጥሩ ነበር፤ ጥሩ መሆኑን ያወቀው ገና ሳይናገረው ሆዱን ስለኮረኮረው ነው። የአስካለ ወንድም እንባውን መጥረግ ትቶ አፉን አፉን ያየዋል። አዳራሹ በሙሉ እሱን ይጠብቃል። እንዲህ ተጠብቆ አያውቅም።

አምባሩ እጁ ላይ ነው፣ አረንጓዴ፣ ይሰማል። ጠዋት ሶስና በሩን ከፍታ ትጠብቀዋለች።

ጎንበስ አለና የተበተነውን ካርታ ለቀመ። አንዱ ካርታ ከወንበር ሥር ገብቶ ነበር፤ ተንበርክኮ አወጣው። አስተካክሎ፣ ጠርዙን አጋጥሞ፣ ማንደፍሮ ፊት አስቀመጠው። አስታማሚዎቹ ደርሰው የማንደፍሮን ክርን በትሕትና ያዙ። ማንደፍሮ አልታገላቸውም፣ ወደ እነሱም አልዞረም። አፉን ትንሽ ከፍቶ፣ አንገቱን ወደ ፊት አስግጎ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጆሮውን አቁሞ ነበር።

ጫንያለው ኮፍያውን አደረገ። ምላሱን ጥርሱ ላይ አስደግፎ፣ መልሱን ከኋላው ይዞ፣ በጠረጴዛዎቹ መሀል ወደ መውጫው ሄደ። ከኋላው ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ገና እየጠበቁ ነበር። በሩ አረንጓዴውን አይቶ ተከፈተለት።